ሰውነታቸውን ለማይወዱ ሰዎች፦ በዓይነ ኅሊና የተሣለን የራስ ምስል እንዴት መለወጥ ይቻላል?

ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ሰላምታው ሳያልቅ ወሬው ወደ ገላ ይዞራል። «ምነው ከሳሽ?» «አንተ፣ ተመችቶሃል መሰለኝ፣ ወፈር ብለሃል።» «ጠቆርሽ እኮ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ከመንዝም፣ ከመርሐ ቤቴም፣ ከምንጃርም የመጣ ዘመድ እንዲሁ ነው። ተናጋሪው አብዛኛውን ጊዜ ክፋት የለበትም፤ አስብሻለሁ፣ ዓይኔ ካንቺ አልራቀም ማለቱ ነው። የሚሰማው ሰው ግን ቀድሞውኑ በገላው የሚሸማቀቅ ከሆነ ያች ቃል ቤቱ ድረስ ትከተለዋለች። ማታ ጋቢውን ተከናንቦ ጋደም ሲል መስታወት ሳይኖር ራሱን ያያል፦ ቦርጩ ገፍቶ፣ ወይም ጉንጩ ሟሾ፣ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ሲመለከተው።

በመምህርነት ካገኘኋቸው ወጣቶች መካከል ብዙዎቹን የሚያሠቃያቸው ገላቸው ሳይሆን ይህ ምስል ነው ብዬ አምናለሁ። እነሱ ግን ነገሩን በሌላ ቅደም ተከተል ነው የሚያስቡት፦ «መጀመሪያ ልክሳ፣ ፊቴ ይጥራ፣ ከዚያ በራሴ እተማመናለሁ።» ብዙ ሰው ከስቶም፣ ብጉሩ ጠፍቶም እንደ ድሮው አንገቱን ይደፋል። መታወቂያ ላይ ተለጥፎ እንደ ቀረ የልጅነት ጉርድ ፎቶ ባለቤቱ ቢለወጥም ምስሉ አልተለወጠማ። ከታች ያሉት እርምጃዎች የሚሠሩት ገላ ላይ ሳይሆን በዚህ ምስል ላይ ነው።

ምስል ይህን ያህል ጉልበት ያለው ለምንድን ነው? ኤሚሊ ሆምስ እና አንድሩ ማቲውስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎችን ደስ የማያሰኙ ሁኔታዎች አሰሟቸው። ግማሹ የሰማውን በዓይነ ኅሊናው እንዲያይ፣ ግማሹ የቃላቱን ትርጉም ብቻ እንዲያስብ ተደረገ። ይበልጥ የተጨነቀው በዓይነ ኅሊናው ያየው ወገን ነበር። «ወፍራም ነኝ» ብሎ ማሰብና ራስን በሰው ፊት ተዋርዶ ማየት አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛውን አእምሮ የሚቀበለው በእርግጥ እንደ ደረሰ ነገር ነው። ሉሲያ ስቶፓ እና ባልደረቦቿም በ2012 እ.ኤ.አ. ሰዎች ስለ ራሳቸው መጥፎ ምስል በአእምሯቸው ሲይዙ ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ዝቅ እንደሚል፣ ጥሩ ምስል ሲይዙ ደግሞ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች የማንም ገላ አልተለወጠም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ይህ መመሪያ ብቻውን የማይበቃቸው ሰዎች አሉ። በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ስለ አፍንጫችሁ፣ ስለ ቆዳችሁ ወይም ስለ ሌላ የገላችሁ ክፍል የምታብሰለስሉ ከሆነ፣ በዚህ ምክንያት ከትምህርት ወይም ከሥራ የምትቀሩ ከሆነ፣ የበላችሁትን ሆን ብላችሁ የምታስመልሱ ወይም ራሳችሁን የምታስርቡ ከሆነ ሐኪም ያስፈልጋችኋል። (ጾም ሌላ ነገር ነው፤ ጾሙ ሲፈታም መብላት የሚያስፈራችሁ ከሆነ ግን ጉዳዩ ጾም አይደለም።) ሰው የማያየውን ወይም እዚህ ግባ የማይባል ጉድለት እያዩ ሕይወት እስኪመሰቃቀል መጨነቅ ስም ያለው ሕመም ነው (በእንግሊዝኛ body dysmorphic disorder ይሉታል)፤ ከመቶ ሰው ሁለቱን ገደማ ይይዛል፤ ሕክምናም አለው። የመሞት ሐሳብ ካለባችሁ ደግሞ ይህን ማንበብ አቁሙና ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ወደ ሆስፒታልም አብሯችሁ ይሂድ።

አንደኛ፦ ምስሉን በመጣበት ሰዓት ያዙት

ደብተር አዘጋጁ። ለአንድ ሳምንት ያህል፣ ስለ ገላችሁ ድንገት በከፋችሁ ቁጥር የሚከተሉትን ጻፉ፦ የት ነበርኩ? በዓይነ ኅሊናዬ ምን አየሁ? የማን ድምፅ ተሰማኝ? ገላዬ ላይ ምን ተሰማኝ? በዚያች ቅጽበት ለራሴ ከ10 ስንት እሰጣለሁ?

የተጻፈው እንዲህ ሊመስል ይችላል፦ «ማክሰኞ፣ ባጃጅ ውስጥ። ሦስተኛው ሰው ሲገባ ራሴን ከውጭ አየሁት። ወንበሩን ሞልቼ፣ ሰዎቹን አጣብቄ። እነሱ ይጠቃቀሳሉ። ደረቴ ጠበበኝ። 2።»

ሐሳብን ሳይሆን ምስልን ጻፉ። «አስቀያሚ ነኝ» ፍርድ ነው፤ «አገጬ ወርዶ፣ ከጎን ሲታይ» ምስል ነው። መጀመሪያ ላይ ምንም ምስል የለኝም የሚል ሰው አለ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ «አሁን ለሰዎች እንዴት ሆኜ የምታይ ይመስለኛል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ደብዛዛም ቢሆን ይመጣል። ለአንዳንዱ ደግሞ የሚመጣው ስሜት ወይም ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱም ይጻፍ።

ከ10 የምትሰጡትን ነጥብ አደራ አትዝለሉት። ሳምንቱ ሲያልቅ ነጥቦቹን ተመልከቱ። ጠዋት 6 የነበረው እኩለ ቀን ላይ 2 ይሆንና ማታ ከጓደኛ ጋር ቡና ሲጠጣ እንደገና 7 ይገባል። በዚያ ቀን ውስጥ ገላችሁ አልወፈረም፣ አልከሳም። ከፍና ዝቅ ያለው በዓይነ ኅሊናችሁ የነበረው ምስል ነው። ይህን በራስ እጅ ጽሑፍ ማየት ከማንም ምክር ይበልጥ ያሳምናል።

ሁለተኛ፦ የማን ዓይን ነው? የስንት ዓመት ምስል ነው?

አሁን ከጻፋችኋቸው ምስሎች ተደጋግሞ የመጣውን ምረጡ። ራሳችሁን የምታዩት ከራሳችሁ ዓይን ነው ወይስ ከውጭ፣ ሌላ ሰው ቆሞ እንደሚያያችሁ? ከፍ ሲል በጠቀስኩት፣ ሰው በማያየው ጉድለት የመጨነቅ ሕመም የተያዙ ሰዎችን ሴሊና ኦስማን፣ ዴቪድ ቪል እና ባልደረቦቻቸው በ2004 እ.ኤ.አ. መርምረው ነበር። የሚታያቸው ምስል ጎልቶ የወጣ፣ የሚደጋገምና በአብዛኛው ከውጭ በሌላ ሰው ዓይን የሚታይ ሆኖ ተገኘ። ከልጅነት ወይም ከጉርምስና ዘመን መጥፎ ትዝታ ጋርም ይያያዝ ነበር፤ በትምህርት ቤት መቀለጃ መሆን ከእነዚህ አንዱ ነው።

ስለዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህን ምስል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት መቼ ነው? ዕድሜዬ ስንት ነበር? ማን ነበር አጠገቤ? አካባቢያችን ቅጽል ስም ማውጣት ይወዳል። «ድብልብሏ»፣ «ቀጫጫው»፣ «አፍንጫ ብቻ»። ቤት ውስጥ በፍቅር የወጣው ስም ሠፈር ሲደርስ መሳለቂያ ይሆናል። ሴት ልጅ በቀለሟ ከእኅቷ ጋር ስትነጻጸር ታድጋለች፤ ወንዱ ቁመቱ በየበዓሉ ከአጎቱ ልጅ ቁመት ጋር ይለካል። ትዝታው ትንሽ ቢመስላችሁ አትናቁት፤ ለልጅ ትንሽ አልነበረም።

ሦስተኛ፦ ምስሉን ከእውነቱ ጋር አስተያዩት

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ማድረግ ይቻላል።

የመጀመሪያው በሲባጎ ነው። ወገባችሁ ስፋቱ ምን ያህል እንደሚመስላችሁ እየገመታችሁ ሲባጎውን ወለል ላይ ክብ አድርጉት። ከዚያ በሌላ ሲባጎ ወገባችሁን በእርግጥ ለኩና ያንኑ ክብ አጠገቡ ሥሩ። ብዙ ሰው የገመተው ክብ ከትክክለኛው ይሰፋበታል። ማስመለስ ወይም ራስን ማስራብ ያለበት ሰው ግን ይህን ከባለሙያ ጋር ብቻ ያድርገው።

ሁለተኛው የስልክ ፎቶን ይመለከታል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት እንዳሰላው፣ 30 ሳንቲ ሜትር ከሚሆን ርቀት የተነሣ ሴልፊ 1.5 ሜትር ርቆ ከተነሣ ፎቶ ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን ወደ 30 በመቶ ያህል አስፍቶ ያሳያል። ምክንያቱ ቅርበት ነው፤ ካሜራው አፍንጫን ከጆሮ ይልቅ በጣም ይቀርበዋል። አፍንጫዬ ትልቅ ነው የምትሉ፣ ያያችሁት አፍንጫችሁን ነው ወይስ የእጃችሁን ርዝመት? ስልኩን ለሰው ስጡና ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ያንሣችሁ።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥ ልብ የሚነካኝ ነው። ሮበርት ክሌክ እና አንጀሎ ስትሬንታ በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ለተሳታፊዎች ፊት ላይ የጠባሳ ሥዕል ሠርተው በመስታወት አሳዩአቸው። ቀጥሎ ቀለሙ እንዳይሰነጠቅ ቅባት እንቀባው ብለው ጠባሳውን ሳይነግሯቸው አጠፉት። ተሳታፊዎቹ ጠባሳ አለብን ብለው እያመኑ ከማያውቁት ሰው ጋር ተነጋገሩ። ሲመለሱም ሰውየው ጠባሳዬን ያይ ነበር፣ ተጨንቆ ነበር አሉ። ፊታቸው ላይ ግን ምንም አልነበረም። በአእምሮ የተሸከሙት ምስል የሌላውን ሰው ፊት እንዴት እንደሚያነቡ ወስኖባቸው ነበር።

አንድ ነገር በሐቀኝነት ልጨምር። ምስሉ በልኩ ትክክል የሆነበት ሰው አለ። በእርግጥ ወፍራም ነው፣ ወይም በልጅነቱ እሳት ያቃጠለው ፊት አለው፣ ወይም ማድያት ወርሶታል። እንዲህ ላለ ሰው «ምንም የለብህም» ማለት ሐሰት ነው፣ እሱም ያውቀዋል። ለእሱ የሚመረመረው የምስሉ ልክ ሳይሆን የተጨመረበት ፍርድ ነው፦ በምስሉ ውስጥ ሰዎቹ ለምን ይስቃሉ? ዛሬ በእውን የሚስቅ ማን አለ? የአያቶቻችን ዘመን የአንገትና የድድ ንቅሳት ጌጥ ነበር፣ ሙሽራ የሚያስመርጥ። ዛሬ ያንኑ ንቅሳት በሻርፕ የሚሸፍኑ እናቶች አሉ። ቆዳው ያው ነው፤ የተለወጠው የሚያየው ዓይን ነው።

አራተኛ፦ ወደ ድሮው ትዝታ ተመልሳችሁ ታሪኩን አስተካክሉ

ይህ ከሁሉም ከባዱና ከሁሉም የሚረዳው ክፍል ነው። ሐኪሞችም የሚጠቀሙበት ዘዴ ሲሆን ለቀላል ትዝታ ብቻችሁን ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ትዝታው ድብደባ ወይም መደፈር ያለበት ከሆነ ግን ብቻችሁን አትግቡበት።

ማንም የማያቋርጣችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ፈልጉ። ስልክ ይጥፋ። በሁለተኛው እርምጃ ያገኛችሁትን ትዝታ ያዙ። ለምሳሌ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ፣ ጠዋት ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ መምህሩ «አንቺ ወፍራሟ፣ ወደ ኋላ!» ብሎ ሰልፈኛው ሁሉ ሲስቅ።

ትዝታውን ሦስት ጊዜ ታልፉበታላችሁ። መጀመሪያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በልጅቷ ዓይን እዩት፤ ምን ይታያታል፣ ምን ይሰማታል፣ በዚያች ሰዓት ምን ትፈልግ ነበር? ሳቁ ላይ ብዙ አትቆዩ፤ ስሜቱን ካገኛችሁት ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ዛሬ ባላችሁበት ዕድሜ ወደዚያ ሜዳ ግቡ። ልጅቷን አሁን የምታዩአት እናንተ ናችሁ። ትንሽ ናት። ምን ታደርጋላችሁ? አንዷ ጋቢዋን አውልቃ ልጅቷን ትደርብባትና ለመምህሩ «ስም አላት፣ በስሟ ይጥሯት» ትላለች። ሌላው ልጁን እጁን ይዞ ከሰልፉ ያወጣዋል። ትክክለኛ መልስ የሚባል የለም፤ ልጁ የሚፈልገው ነገር ይፈጸም። ራሱን እንደ ጠባቂ አድርጎ ማየት የሚያቅተው ሰው አያቱን ወይም የክርስትና እናቱን ያምጣ። እመቤታችንን የሚያመጣም ብዙ ነው፣ ያምጣት።

ሦስተኛ፣ እንደገና ልጅ ሆናችሁ ያንኑ እዩት፤ ትልቁ ሰው ሲገባ፣ ጋቢው ትከሻችሁ ላይ ሲያርፍ፣ ሙቀቱ። ሌላ የሚያስፈልጋችሁ ነገር ካለ ጠይቁት፣ ይስጣችሁ። ይህኛው ዙር ብዙ ጊዜ ያስለቅሳል፤ ልቅሶው ጉዳት የለውም።

ከመጀመራችሁ በፊትና ከጨረሳችሁ በኋላ «ዋጋ የለኝም» የሚለውን ሐሳብ ከ100 ምን ያህል እንደምታምኑት ጻፉ። በማግስቱም ጻፉት። ትዝታው አይጠፋም፣ እንዲጠፋም አይደለም ዓላማው። ልጅቷ ብቻዋን መቆሟ ነው የሚያበቃው። ቁጥሩ ካልቀነሰ ከቀናት በኋላ ደግማችሁ ሞክሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ የቀረው ነገር ለበደለው ሰው ያልተነገረ ቃል ነው።

አምስተኛ፦ ሌላ ምስል አዘጋጁ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቀጭንና ቆንጆ የሆነ ራሱን መሣል ይጀምራል። አልመክረውም። ያ ምስል መስታወት ፊት ሲቆም ከእውነቱ ጋር ይጋጭና ሐዘኑን ያብሳል። ያላችሁትን ገላ ይዛችሁ በእርግጥ ደኅና የነበራችሁበትን ቅጽበት ፈልጉ፦ በዘመድ ሰርግ ላይ እስክስታ ስትመቱ፣ የአንኮበርን ዳገት ወጥታችሁ ጫፍ ላይ ንፋስ ሲነካችሁ፣ ታማሚ እናታችሁን አቅፋችሁ ስታነሡ።

ምስሉን ከራሳችሁ ዓይን እዩት። ቪዲዮ ካሜራው እንደሚያያችሁ ሳይሆን፣ እጃችሁን፣ የሌላውን ሰው ፊት፣ ከበሮውን፣ የእግራችሁን ምት። ጠዋትና ማታ ሁለት ሦስት ደቂቃ ተለማመዱት። ከዚያ ከምትፈሩት ቦታ በፊት፣ የባጃጁ በር ከመከፈቱ በፊት፣ አምጡት። ሲለመድ በራሱ ይመጣል።

ስድስተኛ፦ ይዛችሁት ውጡ

ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ለመደበቅ ትመቻለች። ካፖርት፣ ጋቢ፣ ሻርፕ ዓመቱን ሙሉ ማንም አይጠይቃችሁም። ስለዚህ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የለበስኩት ለብርዱ ነው ወይስ ለሐፍረቱ? ማኅበር ቤት ውስጥ እሳቱ ነድዶ፣ ሰው ሁሉ ካፖርቱን አውልቆ እናንተ ካላወለቃችሁ መልሱ ታውቋል።

አንድ ቀን እንዲህ አድርጉ። ከመግባታችሁ በፊት የምትፈሩትን ጻፉ፤ «ካፖርቴን ባወልቅ ቢያንስ ሦስት ሰው ስለ ቦርጬ ይናገራል።» ግቡና አውልቁት። ዓይናችሁን ከራሳችሁ ላይ አንሥታችሁ ሰዎቹን ተመልከቱ፤ ማን ምን ለብሷል፣ ማን ደክሞታል፣ ማን ተክዟል። ስትመለሱ የሆነውን ከፈራችሁት ጎን ጻፉ። አንድ ሰው በእርግጥ ተናግሮ ሊሆን ይችላል። ከዚያስ ምን ሆነ? ይህም ይጻፍ።

መስታወትን በተመለከተ፣ ማሸትና መጨመቅ እንዲሁም በየሰዓቱ መመላለስ ምስሉን ይቀልበዋል። የእጅ ርዝመት ያህል ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ መላ ገላችሁን እዩ፣ ያያችሁትን ያለ ስድብ ተናገሩ፣ ከዚያ ሂዱ።

ለሰላምታው ምን እንመልስ?

ለታላቅ ሰው ክርክር አያስፈልግም። «ምነው ከሳሽ ልጄ?» ሲሉ «እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ እማማ፣ እርስዎ እንዴት ሰነበቱ?» ይበቃል፤ ወሬው ወደ እሳቸው ይዞራል። ለእኩያ ግን ግልጽ መሆን ይሻላል፤ «እንደምትወጂኝ አውቃለሁ፤ ስለ ገላዬ ስታነሺ ግን ቀኑን ሙሉ ይከፋኛል፣ ተይልኝ።» አብዛኛው ጓደኛ ይደነግጣል፣ ይተዋልም።

«ጠቆርሽ» ለሚለው ደግሞ ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። በየ1,000 ሜትር ከፍታው ቆዳን የሚያጠቁር የፀሐይ ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። ደጋ ላይ አየሩ ቢበርድም ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፣ ፊትም ይጠቁራል። ለዚህ ብላችሁ ከየሱቁ የሚያቀላ ክሬም አትግዙ፤ ብዙዎቹ ሜርኩሪ ወይም ጠንካራ ስቴሮይድ ስላለባቸው ቆዳን ያሳሳሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ።

«የእግዜርን ሥራ ታማርሪያለሽ?» የሚል ተግሣጽም አለ። በቅን ልብ ይባላል፤ ነገር ግን በሐፍረት ላይ ኃጢአተኛነትን ይጨምራል። ወላጆች፣ ልጃችሁ ስለ ገላው ሲያዝን መጀመሪያ «ማን ምን አለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። በገላው ያወጣችሁለት ቅጽል ስም ካለም ዛሬ ተውት።

ስለ ስልክ አጠር አድርጌ ልናገር። በፊጂ ደሴቶች ናድሮጋ በተባለ ወረዳ ቴሌቪዥን የገባው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። አን ቤከር የተባለች ተመራማሪ እንዳገኘችው፣ ለመክሳት ብለው የሚያስመልሱ ልጃገረዶች በዚያን ጊዜ አልነበሩም፤ በ1998 እ.ኤ.አ. ግን 11.3 በመቶ ደርሰው ነበር። ሙሉ ገላ በሚከበርበት አገር ሦስት ዓመት በቃ። ቲክቶክ በኪሳችን ነው። አይታችሁ ስትጨርሱ ነጥባችሁን የሚያወርድባችሁን ገጽ ደብተራችሁ ይነግራችኋል፤ እሱን መከተል አቁሙ።

እርዳታ የት ይገኛል?

ለተወሰኑ ሳምንታት ሞክራችሁ ነጥባችሁ ካልተነሣ፣ ወይም መጀመሪያ ላይ የጠቀስኳቸው ምልክቶች ካሉባችሁ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ፤ አዲስ አበባ ደግሞ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል። በገጠር ያላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ሪፈር ጠይቁ። ጠበል የምትጠመቁም ሕክምናውን አትተዉ፤ ሁለቱን አብረው የሚያስኬዱ ብዙ ናቸው።

ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ «ራሴን ያመኛል» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። ብዙ ሰው ሐፍረት ይዞት እንዲህ ብሎ የራስ ምታት መድኃኒት ይዞ ይወጣል። «በገላዬ ምክንያት በቀን ይህን ያህል ሰዓት እጨነቃለሁ፣ ከዚህ ከዚህ ቦታ ቀርቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ምስል ይመጣብኛል» በሉ። መናገር ካቃታችሁ ደብተሩን ከፍታችሁ ስጡት።